የማስታወሻ ኪቦርድን ያለ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት፦ ከፔር እስከ አማርኛ ጽሑፍ

ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ኪቦርድ ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ቃለ ጉባኤ ለሚይዝ ሰው ትልቅ እፎይታ ናት። ቀን ክፍል ውስጥ ወይም ስብሰባ ላይ ከስልክ ጋር አገናኝታችሁ ማስታወሻ ትይዛላችሁ። ማታ ደግሞ ያችኑ ኪቦርድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ ጽሑፉን ታስተካክላላችሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ጥቅሙ እጥፍ ነው። ስልክና ኪቦርድ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃሉ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ለማታው ሥራ ይተርፋል።

ሰው የሚቸገረው ማገናኘቱ ላይ ነው። «ኪቦርዱ ላፕቶፑ ላይ አይታይም።» «ኮድ አምጣ አለኝ፤ የት ነው የምጽፈው?» «ተገናኝቷል፤ ግን አማርኛ እምቢ አለ።» ሦስቱንም ደረጃ በደረጃ እናያለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ። ኪቦርድ ፊደል አይልክም። የሚልከው የቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ የ«ኤ» ቁልፍ ቁጥር 4 ነው፣ የ«ቢ» 5፣ የ«ሲ» 6። ኪቦርዱ «4 ቁጥር ተነካ» ይላል፤ ያ ቁጥር የእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን የአማርኛ የሚወስነው ላፕቶፑ ነው። ይህን ከያዛችሁ ከታች ያለው አብዛኛው ነገር በራሱ ግልጽ ይሆናል።

የያዛችሁት የትኛው ዓይነት ነው?

ኪቦርዱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

የብሉቱዝ ምልክት ካለበት የብሉቱዝ ኪቦርድ ነው። ታጣፊዎቹና ቀጫጭኖቹ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ከላፕቶፑ ውስጥ ካለው ብሉቱዝ ጋር በቀጥታ ስለሚነጋገሩ ሌላ ዕቃ አይፈልጉም።

አብራው የምትሰካ ጥፍር የምታህል ዩኤስቢ ካለች የዶንግል ኪቦርድ ነው። የዚህ ማገናኛ መንገድ አጭር ነው፦ ባትሪ አስገቡ፣ ዶንግሏን ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፣ አብሩት፣ አለቀ። ዶንግሏ ከጠፋች ግን ኪቦርዱ ብዙ ጊዜ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ስትገዙ ባትሪው ቤት ውስጥ ወይም ጀርባው ላይ ዶንግሏን የሚያስቀምጥ ጎድጓዳ ቦታ ያለውን ምረጡ። ዶንግሉንም ብሉቱዙንም የያዙ ኪቦርዶች አሉ፤ በዋጋ ካልራቀ እነሱ ይሻላሉ።

ሦስተኛው ዓይነት የራሱ ትንሽ ስክሪንና ማኅደረ ትውስታ ያለው ነው። ስልክም ላፕቶፕም ሳይኖር ይጻፍበታል፤ ጽሑፉ እዚያው ይቀመጣል፤ በኋላ ወደ ላፕቶፕ ይላካል። ስለዚህኛው ወደ መጨረሻ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኪቦርዱን ቻርጅ አድርጉት ወይም አዲስ ድንጋይ አስገቡ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ባትሪው የደከመ ኪቦርድ መብራቱ እየበራ ፔር ማድረግ ላይ (ከላፕቶፑ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ መተዋወቁ ላይ) ይከሽፋል፤ ሰው ደግሞ ላፕቶፑን ሲጠራጠር ይውላል።

ላፕቶፑ ብሉቱዝ እንዳለው አረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ የስታርት ቁልፉን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። ዝርዝሩ ውስጥ «ብሉቱዝ» የሚል መስመር ካለ አለው ማለት ነው። ከሌለ ሾፌሩ፣ ማለትም ብሉቱዙን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ አልተጫነም፣ ወይም ላፕቶፑ ከነጭራሹ ብሉቱዝ የለውም። መጀመሪያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ ለሞዴላችሁ የወጣውን የብሉቱዝ ሾፌር ጫኑ። ያም ካልሠራ ትንሽ የዩኤስቢ ብሉቱዝ አዳፕተር ገዝታችሁ ሰኩ። ሾፌሩን ሳትሞክሩ ግን ገንዘብ አታውጡ።

በመጨረሻ፣ ኪቦርዱ ቀድሞ ከስልክ ጋር ይሠራ ከነበረ የስልኩን ብሉቱዝ ለጊዜው አጥፉ። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ መጀመሪያ የሚፈልጉት የመጨረሻ ጓደኛቸውን ነው። ስልኩ አጠገብ ካለ ቶሎ ብለው እሱን ይይዙና ላፕቶፑ ላይ አይታዩም። «አይታይም» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

ኪቦርዱን ለፔር ማዘጋጀት

ኪቦርዱን ማብራትና ለፔር ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የበራ ኪቦርድ የድሮ ጓደኛውን ይፈልጋል። ለፔር የተዘጋጀ ኪቦርድ ግን «እዚህ ነኝ» እያለ ራሱን ለማንም ያሳያል።

አዘገጃጀቱ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ታጣፊዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የኤፍኤን ቁልፍን ይዛችሁ የብሉቱዝ ምልክት ያለበትን ፊደል ወይም ቁልፍ ትጫናላችሁ። አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ «ኮኔክት» የሚል ትንሽ ቁልፍ አላቸው። በብዙ ሱቅ የሚገኘውን ሎጂቴክ ኬ380ን ብንወስድ፣ ከላይ በግራ በኩል 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባቸው ሦስት ቁልፎች አሉት። ከሦስቱ አንዱን ለ3 ሰከንድ ይዛችሁ ስትቆዩ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ዝግጁ ነው። ቀስ ብሎ ብልጭ የሚል ከሆነ ገና የድሮውን እየፈለገ ነው፤ ጫን ብላችሁ ቆዩበት።

ሦስቱ ቁጥሮች ሦስት መሣሪያ ማስቀመጫ ናቸው። ከአሁኑ ወስኑ፦ 1 ለላፕቶፕ፣ 2 ለስልክ፣ 3 ለቢሮ ኮምፒውተር። በኋላ ጣታችሁ ይለምደዋል።

ኪቦርዱ ለፔር ተዘጋጅቶ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የላፕቶፑን የብሉቱዝ ገጽ ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ሂዱ።

ዊንዶውስ ላይ

1. «ሴቲንግስ»ን ክፈቱ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «አይ»ን ብትጫኑ ይከፈታል።

2. ዊንዶውስ 11 ከሆነ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ «ዲቫይስስ» ብላችሁ ግቡ። ብሉቱዙን አብሩት።

3. «አድ ዲቫይስ» የሚለውን፣ ከዚያ ከሚመጡት ምርጫዎች «ብሉቱዝ»ን ተጫኑ።

4. አሁን ኪቦርዱን ለፔር አዘጋጁት። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይመጣል። ክሊክ አድርጉት።

5. ስክሪኑ ላይ ቁጥር ከመጣ፣ ያንን ቁጥር በአዲሱ ኪቦርድ ላይ ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ።

አምስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነውና። ስክሪኑ ላይ ብዙውን ጊዜ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይታያል። ሰው ቁጥሩን የሚጽፍበት ሳጥን ፍለጋ ስክሪኑን ይበረብራል፤ ወይም በላፕቶፑ በራሱ ኪቦርድ ይጽፈዋል። ሳጥን የለም። ሳታዩ በአዲሱ ኪቦርድ ላይ ቁጥሮቹን ተራ በተራ ትነካላችሁ። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ለውጥ ባይታይም አትደንግጡ። ስድስተኛውን ከነካችሁ በኋላ ኢንተርን መጫን ግን ግዴታ ነው። እሱ ከተረሳ ላፕቶፑ ጠብቆ ጠብቆ «አልተሳካም» ይላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኪቦርዱ ስክሪን የለውም። ላፕቶፑ ደግሞ ሊያገናኘው ያለው ኪቦርድ እጃችሁ ላይ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው ያንን ቁጥር ማየት አይችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። ጨዋታው ይኸው ነው። አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች ያለ ቁጥር ዝም ብለው ይገናኛሉ። ይሠራሉ፤ ግን ቁጥር የሚጠይቀው የበለጠ ይታመናል።

በጣም የቆየ ኪቦርድ ከሆነ ዊንዶውስ ቁጥር ከማሳየት ይልቅ ራሱ «ፒን አስገባ» የሚል ባዶ ሳጥን ሊያመጣ ይችላል። ያኔ ሳጥኑ ውስጥ በላፕቶፑ ኪቦርድ 0000 ጻፉ። ቀጥሎ በአዲሱ ኪቦርድ ላይም ያንኑ 0000 ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

ዊንዶውስ 11 ላይ ኪቦርዱ ጨርሶ ካልታየ ሌላ የሚነካ ነገር አለ። «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ግቡና ወደ ታች ውረዱ። «ብሉቱዝ ዲቫይስስ ዲስከቨሪ» የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። «ዲፎልት» ላይ ሲሆን ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን የተለመዱ መሣሪያዎች ብቻ ያሳያል። «አድቫንስድ» ላይ አድርጉትና እንደገና ፈልጉ። ስማቸው እምብዛም የማይታወቅ ታጣፊ ኪቦርዶች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ያኔ ነው።

ማክ፣ ክሮምቡክ፣ ሊኑክስ

ማክ ላይ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ብሉቱዝ»ን ክፈቱ። የኪቦርዱ ስም ሲመጣ «ኮኔክት» በሉ። የማያውቀው ኪቦርድ ከሆነ ማኩ ከግራው ሺፍት በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ ጫኑ ሊላችሁ ይችላል። የኪቦርዱን አሠራር ለመለየት ነውና ታዘዙት። የአፕል የራሱ ማጂክ ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ በቻርጀሩ ገመድ አንዴ ማኩ ላይ ሰክታችሁ ማብራት ይበቃል፤ ከዚያ ገመዱን ብትነቅሉትም ይቀጥላል። ኬ380 የያዛችሁ የማክ ተጠቃሚዎች ኤፍኤንንና «ኦ»ን አብራችሁ ለ3 ሰከንድ ተጫኑ፤ የኮማንድና የኦፕሽን ቁልፎች ቦታቸውን ይይዛሉ። ወደ ዊንዶውስ ስትመልሱት ኤፍኤንና «ፒ» ነው።

ክሮምቡክ ላይ ከታች በቀኝ ሰዓቱን ክሊክ አድርጉ፣ ብሉቱዝን ክፈቱ፣ «ፔር ኒው ዲቫይስ» በሉ። ኡቡንቱ ላይም «ሴቲንግስ» ውስጥ ብሉቱዝን ከፍታችሁ ስሙን ክሊክ ማድረግ ነው። የኮዱ ነገር ሁሉም ላይ አንድ ነው፦ በአዲሱ ኪቦርድ፣ ሳታዩ፣ ከዚያ ኢንተር።

አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ለጫናችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዱ ላይ ፔር ያደረጋችሁት ሌላው ላይ አይሠራም። ሁለተኛው ላይ ስታገናኙ ደግሞ የመጀመሪያው ይፈርሳል። ኪቦርዱ ሁለቱንም እንደ አንድ ላፕቶፕ ያያቸዋል፤ የያዘው የምስጢር ቁልፍ ግን ለአንዱ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ቁጥር ኪቦርድ ካላችሁ 1ን ለዊንዶውስ፣ 2ን ለሊኑክስ ማድረጉን ሞክሩ።

ማስታወሻው ያለው የት ነው?

ማታ ቤት ገብቶ ኪቦርዱን ወደ ላፕቶፑ ካዞረ በኋላ «ቀን የጻፍኩት የት ሄደ?» የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተራ የብሉቱዝ ኪቦርድ ምንም ነገር አይዝም። የተነካውን ቁጥር ልኮ ይረሳዋል። ማስታወሻው ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱን ከማገናኘት ጎን ለጎን ጽሑፉ የሚሻገርበትን መንገድ ማበጀት አለባችሁ።

ኢንተርኔት ካለ ቀላል ነው። ጎግል ኪፕ ወይም ጎግል ዶክስ ላይ ከጻፋችሁ ላፕቶፑ ላይ በዚያው አካውንት ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ዶክስ ላይ ፋይሉን ቀድማችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ካደረጋችሁት ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ውስጥም ትጽፋላችሁ፤ ሲገኝ ራሱ ይልከዋል። እኛ አገር ግን ብዙው ሰው የሚጠቀመው ቴሌግራምን ነው። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ መለጠፍ፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ ኮፒ ማድረግ። ለአጭር ማስታወሻ ይህን የሚያክል የለም። ለረጅም ጽሑፍ ግን አልመክረውም። አንድ መልእክት የሚይዘው 4096 ፊደል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይቆራረጣል።

ኢንተርኔት ከሌለ ማስታወሻውን እንደ ፋይል አስቀምጡት። ስልኩንና ላፕቶፑን ፔር አድርጉ። ላፕቶፑ የብሉቱዝ ገጽ ላይ «ሴንድ ኦር ሪሲቭ ፋይልስ ቪያ ብሉቱዝ» የሚለውን ክፈቱና «ሪሲቭ ፋይልስ» በሉ። ከዚያ ከስልኩ ሼር አድርጉት። ለፎቶ ይዘገያል፤ ለጽሑፍ ግን ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል።

አማርኛው

«አማርኛ የሚጽፍ ኪቦርድ የት ይገኛል?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ማንኛውም ኪቦርድ ይጽፋል። ቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል ለዓይን ብቻ ነው። ዓረብኛ የታተመበት ከዱባይ የመጣ ኪቦርድም፣ ዕብራይስጥ የታተመበት ከእስራኤል የመጣም አማርኛ ይጽፋል። ሥራው ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አብሮት የመጣው ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ»፣ ከዚያ ቋንቋ መጨመሪያው ላይ አማርኛን ፈልጋችሁ ጨምሩ። ሁለተኛው ኪማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ በግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተዘጋጀ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። እኔ ኪማንን እመርጣለሁ። የተለያየ ኮምፒውተር ላይ ብትቀመጡም አጻጻፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጣት አይምታታም። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለመቀያየር ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ ስፔስን ንኩ።

የኪማን አጻጻፍ በድምፅ ነው። ተነባቢውን ብቻ ስትነኩ ሳድስ ይመጣል፤ አናባቢ ስትጨምሩ ቤቱ ይለወጣል። «ኤስ» ብቻ «ስ» ነው። «ኤስ»ና «ኢ» «ሰ» ይሆናል፣ «ኤስ»ና «ዩ» «ሱ»፣ «ኤስ»ና «ኤ» «ሳ»። ኮለንን ሁለት ጊዜ ስትነኩ አራት ነጥብ ይወጣል።

ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ሺፍት ነው። ትልቁና ትንሹ ፊደል እዚህ የተለያየ ድምፅ ናቸው፦ ትንሹ «ቲ» «ት»፣ ትልቁ «ጥ»፤ ትንሹ «ሲ» «ች»፣ ትልቁ «ጭ»። እንደ እንግሊዝኛ ልማድ ዓረፍተ ነገሩን በትልቅ ፊደል ከጀመራችሁ «ሰላም» ተብሎ የታሰበው «ጸላም» ሆኖ ይወጣል። ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነም እዩ፤ ትንንሾቹ ታጣፊ ኪቦርዶች ላይ ቁልፉ ከ«ኤ» ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ሳይታወቅ ይነካል።

ሁለተኛው የቻት ልማድ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ መጻፍ ለቴሌግራም ሰው አዲስ አይደለም። ግን ቻት ላይ «ችግር» ለማለት «ሲ፣ ኤች፣ አይ፣ ጂ፣ አይ፣ አር» እያልን እንጽፋለን። እዚህ እንደዚያ ከጻፋችሁ «ችሂጊር» ይወጣል። የሚበቃው «ሲ፣ ጂ፣ አር» ብቻ ነው። ሳድስ አናባቢ አይፈልግም፤ «ች»ም አንድ ቁልፍ ናት። ለመልመድ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ከለመዳችሁት በኋላ ግን የምትነኩት ቁልፍ ከቻቱ ያነሰ ስለሚሆን ፍጥነታችሁ ይጨምራል።

አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ፦ ጀርመን የተገዛ ኪቦርድ ላይ «ዜድ»ና «ዋይ» ቦታ ተቀያይረው ነው የሚታተሙት። ላፕቶፑ የአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ «ዘ» ብላችሁ ስትነኩ «የ» ይመጣል። ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ላፕቶፑ የታተመውን ስለማያይ ነው። የቋንቋ ሴቲንጉን ከኪቦርዱ ጋር አስማሙ፣ ወይም ጣታችሁን ላፕቶፑ ከሚያውቀው አቀማመጥ ጋር አስለምዱ።

ማኅደረ ትውስታ ያለው ኪቦርድ

ይህን ዓይነት በዓለም ያስለመደው አልፋስማርት ነው። አፕል ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት መሐንዲሶች፣ ኬታን ኮታሪና ጆ ባረስ፣ የመሠረቱት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያውን ለገበያ አቀረበ። የታሰበው ለትምህርት ቤት ነበር፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር መግዛት ስለማይቻል ርካሽ መጻፊያ እንዲኖር። ከትውልዱ እስከ ዛሬ የሚወደደው በ2004 የወጣው ኒዮ ነው። ስምንት ፋይል ይይዛል። በሦስት የእጅ ባትሪ ድንጋይ 700 ሰዓት ያህል ይሠራል። ምርቱ በ2013 ቆሟል፤ ያገለገለው ግን አሜሪካና አውሮፓ በኢንተርኔት ገበያ ላይ አሁንም ይሸጣል። ዘመድ ሲመጣ ሊያመጣው የሚችል ዕቃ ነው። ለጽሑፍ ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ፤ ኖቲፊኬሽን የለው፣ ቲክቶክ የለው፣ የሚጻፍበት ብቻ ነው።

አልፋስማርት ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግርበት መንገድ ደስ ይላል። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ራሱን እንደ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ያቀርባል። «ሴንድ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የጻፋችሁትን ሁሉ ፊደል በፊደል መልሶ ይተይበዋል። ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። በድሮዎቹ ጊዜ ገመዱን የሚተካ በኢንፍራሬድ የሚሠራ መቀበያ ይሸጥ ነበር። ያ አሁን አይገኝም፤ ላፕቶፖችም ኢንፍራሬድ ትተዋል።

ዛሬ ያለ ገመድ ለማድረግ የዩኤስቢ ኪቦርድን ወደ ብሉቱዝ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ላይ ከሚሰካው ብሉቱዝ ጋር እንዳታምታቱት፤ ይህኛው የሚሰካው ኪቦርዱ ላይ ነው። የራሱ ባትሪ ያለውን ምረጡ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አዳፕተሩን አብሩና የኒዮውን ገመድ እሱ ላይ ሰኩ። አዳፕተሩን ለፔር አዘጋጅታችሁ ከላይ በተጻፈው መንገድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። ላፕቶፑ ላይ ባዶ ሰነድ ክፈቱ፤ ከርሰሩ ሰነዱ ውስጥ ይሁን። ቋንቋውን ምረጡ። ከዚያ ኒዮው ላይ ፋይሉን ከፍታችሁ «ሴንድ»ን ተጫኑ፤ እስኪጨርስም ምንም አትንኩ። መሃል ላይ ሌላ መስኮት ከከፈታችሁ ቀሪው ጽሑፍ እዚያ ይፈሳል።

መጀመሪያ በአጭር ፋይል ሞክሩ። ፊደል እየዘለለ ከሆነ ኒዮው ሴቲንግ ውስጥ የመላኪያውን ፍጥነት ዝቅ አድርጉት። እስከ መጨረሻው መድረሱን በዓይናችሁ ሳታዩ ፋይሉን ከኒዮው ላይ አታጥፉ።

አሁን አማርኛው። ኒዮ ግዕዝ ፊደል አያውቅም፤ ስክሪኑም አያሳይም። ግን የሚልከው ቁልፍ ነው ብለናል። ስለዚህ ኒዮው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በኪማን ሥርዓት፣ አማርኛ ጻፉ። «ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም» ብላችሁ ጻፉት። ሲላክ ላፕቶፑ ላይ ኪማን አማርኛ ላይ ከሆነ ላፕቶፑ ሰው የሚተይብ ነው የሚመስለው። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» እያለ፣ ገጹ በፊደል እየሞላ ይወርዳል። ፍጥነቱን እዚህም ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ኪማን እያንዳንዱን ቁልፍ የሚቀይርበት ፋታ ያገኛል። ጽሑፋችሁ ውስጥ እንግሊዝኛ ቃል ካለ እሱም ወደ አማርኛ ፊደል ይቀየራል። ብዙ እንግሊዝኛ ያለበትን ማስታወሻ በሌላ ፋይል ጻፉና ቋንቋውን ቀይራችሁ ለብቻው ላኩት።

ዛሬ አዲስ የሚሸጡት እንደ ፍሪራይት ያሉት ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ከዋይፋይ ጋር ይገናኛሉ፤ ጽሑፉን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልካሉ፤ ላፕቶፑ ከዚያ ያወርዳል። ኔትወርክ አስተማማኝ በሆነበት አገር ምቹ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ግን የኒዮው መንገድ ይበልጥብኛል።

ሲያስቸግር

ፊደል ይደጋገማል፣ «ሰሰሰሰ» እያለ። ኪቦርድ ቁልፍ ሲነካ አንድ መልእክት፣ ሲለቀቅ ሌላ መልእክት ይልካል። የመልቀቁ መልእክት መንገድ ላይ ከጠፋ ላፕቶፑ አሁንም እንደያዛችሁት ያስባል። ምክንያቱ ወይ የደከመ ባትሪ ነው ወይ የሬዲዮ መጨናነቅ። ብሉቱዝም፣ ዶንግሉም፣ ብዙው ዋይፋይም 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ላይ ነው የሚሠሩት። ባትሪውን ቀይሩ፤ ዋይፋያችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ቀይሩት።

የዶንግል ኪቦርድ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲሰካ መንተባተብ ከጀመረ ምክንያቱ ዩኤስቢ 3 ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሠራ መሣሪያ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ያወጣል። ዶንግሉን በሌላው ጎን ሰኩት፣ ወይም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ከመሣሪያው አርቁት።

ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ የመጀመሪያዎቹን ፊደሎችም ይበላል። ኪቦርዱ ድንጋይ ለመቆጠብ ይተኛል፤ ይህ ጤነኛ ነው። አንድ ቁልፍ ነክታችሁ አንድ ሰከንድ ጠብቁ። ላፕቶፑ ራሱ ብሉቱዙን የሚያስተኛው ከሆነ ግን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የብሉቱዝ አዳፕተሩን ክፈቱ፤ «ፓወር ማኔጅመንት» ላይ ኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

«ፔርድ» ይላል፣ ግን አይጽፍም። ግማሽ ላይ አትታገሉ። ላፕቶፑ ላይ «ሪሙቭ ዲቫይስ» ብላችሁ አጥፉት፣ ኪቦርዱን እንደገና ለፔር አዘጋጁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላም እንዲሁ ነው።

ላፕቶፑ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣው የላፕቶፑ ሴቲንግ ገጽ) ወይም የዲስክ መክፈቻ ቁጥር ሲጠየቅ የብሉቱዝ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ብሉቱዙን የሚያስነሳው ሲስተሙ ገና አልተነሳምና። የላፕቶፑን የራሱን ቁልፎች ተጠቀሙ።

ስለ ደኅንነቱ

በኪቦርድ የሚያልፈው ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ይለፍ ቃልም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ብዙ የዶንግል ማውሶችና ኪቦርዶች ከሩቅ ሆኖ የሐሰት ቁልፍ ሊላክባቸው እንደሚችል አሳየ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ማርክ ኒውሊን የተባለው ተመራማሪ በብሉቱዝም ተመሳሳይ ቀዳዳ ማግኘቱን ይፋ አደረገ፤ አጥቂው ባለቤቱ ሳይፈቅድ ራሱን ኪቦርድ አስመስሎ ይገናኛል። ለዚህ ማስተካከያ ወጥቷል። የስልክና የላፕቶፕ አፕዴት ዳታ ይበላል ብላችሁ የምትዘሉት ከሆነ ቢያንስ የደኅንነቱን አስገቡ።

ፔር ስታደርጉ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ቁጥር ሳታረጋግጡ አትለፉ። ያልጠየቃችሁት የፔር ጥያቄ ከመጣ «ካንስል» በሉት። በሰው ላፕቶፕ ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ከሠራችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የብሉቱዙን ገጽ ክፈቱና ኪቦርዳችሁን «ሪሙቭ» አድርጉ። ካለበለዚያ በሌላ ቀን እዚያው ክፍል ስትገቡና ኪቦርዱን ስታበሩ፣ የምትጽፉት ሌላ ሰው በተቀመጠበት ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል።